ወንድሜ የመረቀልኝ መኪና

መኪናዋ የተሰጠችኝ በሰው ፊት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሌለበት ቁልፉን እጄ ላይ ቢያኖርልኝ ኖሮ፣ ሰው በሌለበት መልሼ እጁ ላይ አኖርለት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን አርሲ ነገሌ እናታችን ቤት፣ እማዬ የሚካኤልን ዝክር ባወጣችበት ቀን፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ተሰብስቦ በተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ የሚኖረው ሞጆ ነው። ከደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር የሚያነሡ ሁለት ከባድ መኪኖች አሉት፤ በዘመድ መካከል ሲናገር ይደመጣል። አዲስ የቤት መኪና መግዛቱን ነገረን፤ ቀጥሎ የድሮዋን ነጭ አውቶማቲክ ለእኔ መስጠቱን ተናገረ።

«እህቴ ከእንግዲህ በሚኒባስ አትጋፋም» አለ።

እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «ይጨምርልህ፣ ያብዛልህ» እያሉ መረቁት። እኔም ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምኩ። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ ጉልበቱን መሳሜ።

ሁለተኛው ነገር የመጣው እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው። እማዬ የዓይን ግፊት አለባት። በየወሩ አዳማ ሐኪም ታያታለች፤ ጠብታው እየተለካ ይታዘዝላታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከነገሌ አዳማ የሚያመላልሳት ወንድሜ ነበር። ያን ዕለት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ መኪናም ስላለኝ የእማዬን ቀጠሮ ከአሁን ወዲያ እኔ እንደምይዘው ነገረኝ። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ። እኔ አዳማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ አራት ክፍለ ጊዜ አለኝ። ግን ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። በዘመዶቼ ዘንድ ባልና ልጅ የሌላት ሴት ጊዜዋ የሁሉም ነው። እሺ አልኩ። ደግሞስ የሰጠኝን መኪና ከደጅ አስቁሜ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነገሌ እወርዳለሁ፣ እዚያው አድራለሁ፣ ማክሰኞ በጠዋት እማዬን ይዤ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ቤቷ አደርሳታለሁ። የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ።

ፍሳሹን ያየው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። ከዛፉ ሥር ካቆምኩበት ቦታ ስነሣ መሬቱ ላይ ቀይ እርጥበት እንደሚቀር ነገረኝ። ወርጄ አየሁት፤ በግራ በኩል ካለው የፊት ጎማ ጀርባ ነው የሚንጠባጠበው። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የሞተር ዘይት አይደለም፤ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ያውም ትንሽ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ለወንድሜ ደወልኩ።

«አሮጌ መኪና መቼም ያልበዋል» አለኝ። «ዘይት ጨምሪበት። ሌላ ነገር አታስነኪ።»

ሌላ ነገር አታስነኪ ያለው ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁም። በማግስቱ ግን ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ ሰው ነው። ከየት እንደሚፈስ ስጠይቀው መኪናዋ የማን እንደሆነች ጠየቀኝ። የእኔ ናት አልኩት። ማን እንደሚነዳት ጠየቀኝ። እኔ አልኩት። ባለቤቴን እንድልክለት ነገረኝ። የለኝም ስለው ወንድም እንዳለኝ ጠየቀ፤ ሞኟ እኔ፣ መኪናዋ ከእሱ እንደመጣች ነገርኩት። ለወንድሜ አስደወለኝ። ከዚያ በራሴ ስልክ፣ ስለ መኪናዬ፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ ሁለቱ አወሩ። መካኒኩ ሁለቴ ሣቀ። አንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዞር አለ። ከዚያ ስልኬን በዘይት እጁ መለሰልኝና ተግባብተናል፣ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ ዘይት እየጨመርሽ ንጂ አለኝ። ምን ላይ ነው የተግባባችሁት ብዬ አልጠየቅሁም። ስልኬን በቀሚሴ እየጠረግሁ ወጣሁ።

ሦስት ወር ዘይት ስጨምር ከረምኩ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ማርሹን ከላይ እስከ ታች አዟዙሮ መለኪያውን መምዘዝ ለመድኩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ቀጭን ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ ቀዩን ዘይት እሞላለሁ። ኋላ ሻንጣ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ እይዛለሁ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ይሸተኛል። ሳሙናም ሎሚም አይለቀውም ነበር። ወንድሜ አልፎ አልፎ ይደውልና መኪናዋ እንዴት ናት ይለኛል። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። እንዲህ ማለት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ለተሰጠሽ ነገር ማማረር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

አራተኛው ጉዞ ላይ መቂን አልፈን ወደ ዓለም ጤና ስንሄድ ቆመች። ያለ ምልክት አልነበረም፤ ከባቱ ጀምሮ ስነሣ ትንገራገጭ ነበር፣ እኔም ልቤ እያወቀ አዳማ ያድርሰኝ ብዬ ነበር የምነዳው። ከዚያ ነዳጁን ስረግጥ ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። መኪናዋ አልጎተተችም። እየተንከባለለች ዳር ያዘች። ወርጄ ትርፉን ዘይት በሙሉ ጨመርኩ፤ ላዩን እየሞላሁ ታቹን በግራ ጎማው በኩል ሲወርድ ይታየኛል። ወንፊት ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነበር።

ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ከባድ መኪና ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ እማዬ ከየት በኩል እንደሚመጣ በደንብ ስለማይታያት በእያንዳንዱ ትደነግጣለች። ደግፌ አውርጄ አንዲት ግራር ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ያለበት ሞጆ ከቆምንበት ሩቅ አይደለም። ጉምሩክ ላይ ዕቃ እንደተያዘበት፣ መነቃነቅ እንደማይችል፣ የሚያልፍ ሰው አስቁሜ እንዳስጎትታት ነገረኝ። እማዬ አብራኝ እንዳለች ነገርኩት። ያውቅ ነበር እኮ፤ ማክሰኞ ነው። «ጥላ ፈልጊላት» አለኝ።

የደረሰልን ሌላ ሰው ነው። ሽንኩርት በፈረስ ጋሪ የጫነ ገበሬ ከማሳው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ አየንና ቆመ። «አካም ጅርቱ፣ አዮ?» ብሎ እማዬን ሰላም አላት። እሷም በኦሮምኛ ምርቃትና ሰላምታ አዘነበችለት። ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው። ውሃ አመጣ፣ ግራሯ ሥር ጆንያ አነጠፈላት፣ መኪናዋን እስክንመለስ እሱ ግቢ እንደሚጠብቅልን ነገረንና መኪናዋን ገፍተው የሚያስገቡ ጎረቤቶቹን ሊጠራ ሄደ። ያን ሰው ዛሬም በስም አላውቀውም። ከወለደችኝና ከእናቴ ልጅ ይበልጥ ያን ቀን የጠቀመኝ እሱ ነው።

ከወለደችኝ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ግራሯ ሥር ብቻችንን ስንቀር እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ጠየቀችኝ።

«ነግረሽው ነበር? ዘይቷ እንደሚፈስ?»

ገና ከመጀመሪያው ነግሬው እንደነበር ነገርኳት። 

«እኔም ነግሬዋለሁ» አለች። «አምና እኔን ሲያመጣ ቡልቡላ ላይ እንዲሁ ቆማብን ነበር። ሚስቱም ልጆቼን በዚህች አላሳፍርም ብላ ተጣልተው ነው አዲሷን የገዛው። እሱም በኋላ እውነቷን ነው አለ። ለልጆች አትሆንም አለ።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ለልጆች አትሆንም ማለቱን ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ለእኔና ለአንቺ ግን ትሆናለች ማለት ነው አልኳት። እሷ ልጆቿ እንዳይጣሉ ብላ ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ስትናገር ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ መልካም ነገር የሠራች እንደሚመስላት ገባኝ። ያ ይበልጥ አቃጠለኝ።

«የታመመው ዓይንሽ ነው» አልኳት፤ «አፍሽ ግን ጤነኛ ነበር።»

እናቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ገበሬው ሰዎቹን ይዞ መጣ። እነሱ መኪናዋን ሲገፉ እኔም ከኋላ ሆኜ ገፋሁ፤ ከንዴቴ ብዛት ብቻዬን የምገፋት ይመስለኝ ነበር።

በሚኒባስ አዳማ ስንደርስ ሐኪሟ ወጥታለች። ሌላ ቀጠሮ የተሰጠን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጠብታው ደግሞ አልቆ ነበር፤ ያለ አዲስ ትእዛዝ የሚሸጥልኝ አጣሁ።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭኜ አዳማ ያስመጣሁት በሁለተኛው ቀን ነው። አንዲት ባልደረባዬ ሌላ መካኒክ ጠቆመችኝ፤ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው አዳማ ያረጁ፣ ከኒም ዛፍ ሥር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰላም ካሉኝ በኋላ የማን መኪና ናት አላሉኝም። ምን እያደረገች እንዳስቸገረችኝ ጠየቁኝ፤ እስክጨርስ ሰሙኝ። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው፣ ጎማውን ፈትተው፣ መብራት ያዙና ወደ ውስጥ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺው እዪው» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጎማውን የሚያዞረው አክስል ከካምቢዮው የሚወጣበት ቦታ ላይ ዘይቱን የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ፤ ኦይል ሲል የሚሉት። በዚያ ቀለበት ዙሪያ ጥቁር ሙጫ ተለስኗል። ግድግዳ እንደሚለሰነው። እዚህና እዚያ ተሰነጣጥቆ ዘይቱ በስንጥቁ ይወርዳል። ሽማግሌው በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ቁራሹ ወደቀ።

«ኦይል ሲሉ ሲደርቅ በሙጫ ተለጠፈ እንጂ አልተቀየረም» አሉ። «ይህን ያሠራም የሠራም ሰው እንደማይቆይ ያውቃል። ወላሂ ያውቃል።»

ከጥፋቱ ይልቅ ያ ቃል ነው ያፈላኝ። ያውቃል። የመጀመሪያው መካኒክ ድምፁን ዝቅ ያደረገው፣ ሁለቴ የሣቀው፣ ሌላ ነገር አታስነኪ የተባልኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ቀረብ ብዬ ደግሜ አነሣሁት።

ሽማግሌው አክስሉን አወጡና ጥፍራቸውን ብረቱ ላይ እየጎተቱ አሳዩኝ። አሮጌው ኦይል ሲል ለዓመታት ያሸበት ቦታ ላይ ቀጭን ቦይ ተቆፍሯል፤ እኔም በጥፍሬ ስነካው ጎረበጠኝ። አዲሱን እዚያው ቦታ ላይ ቢያስገቡት ዳግመኛ እንደሚያፈስ አስረዱኝ። ስለዚህ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርገው፣ ያልተበላው ብረት ላይ እንዲያርፍ አድርገው ገጠሙት። ከንፈሩን ዘይት ቀብተው፣ ዙሪያውን በቀስታ እያንኳኩ፤ አንድም ጊዜ አልቸኮሉም። የተቃጠለውን ዘይት አውጥተው አዲስ ሞሉ። ከዚያ እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እስከ ወንጂ መንገድ ደርሰን ተመለስን። ውስጧ ትንሽ ስለተጎዳ ዕድሜዋ እንደ አዲስ እንደማይሆን፣ እየተንከባከብኩ ብይዛት ግን ጥቂት ዓመት እንደምታገለግለኝ ነገሩኝ። የምጠላውን ነገር አልደበቁኝም። አሮጌውን ኦይል ሲል እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው፤ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እሑድ ዕለት እማዬን ይዤ ሞጆ ሄድኩ። ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ምሳ ላይ ነበር። ልጆቹ ከበሉ በኋላ ወደ ውጭ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ቀለበቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትሯል፣ ሙጫው እንደተለጠፈበት ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ያየው ጊዜ ማወቁን ፊቱ ላይ አየሁ።

ጭራሽ ተቆጣ። ሰው ስጦታ ሲሰጠው ያመሰግናል እንጂ ምርመራ አይገባም አለ። እኔ ብቻ እንደሆንኩ ቤተሰቡን የምከፋፍለው፣ ትምህርቴ እንዳበላሸኝ ተናገረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነበር የምለው። ያን ቀን ጋሼ ከአፌ አልወጣም።

«ስጦታ አልነበረም» አልኩት። «እናትህን ከነመኪናው ነው ያስረከብከኝ። ልጆችህን የማታሳፍርበት ላይ እሷን አሳፈርካት።»

ሚስቱ ሳህኖቹን እያነሣች ነበር፤ ቆመች። ለእኔ እንዳይሰጠኝ፣ ቢሰጠኝም መጀመሪያ እንዲያሠራት እንደነገረችው በዝግታ ተናገረች። እሱ ዝም እንድትል በዓይኑ አፈጠጠባት። በዚህ ጊዜ እማዬ ድምፅዋን አሰማች። ልታስታርቀን ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

«ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው» አለችው። «ቀጠሮዬ ያመለጠኝ ግን በአንተ ነው።»

ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። የአዲሷ መኪና በር ሲዘጋ ሰማን፤ እስክንሄድ ድረስ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ ዝክሩ ላይ ከመረቁት መካከል ናቸው። በሚስቱ ፊት አዋርጄዋለሁና ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ነበር የተላኩት። ምሳ አቀረብኩላቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ከዚያ በስልኬ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸውና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አንደኛው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ የገባቸው አልመሰለኝም። ቢሆንም ታላቅ ነው አሉኝ። በእናቴ ላይ ታላቅነት እንደሌለው ነገርኳቸው። ይቅርታ እንደማልጠይቅ፣ አንድ ወር እኔ አንድ ወር እሱ በአዲሷ መኪናው እማዬን እንዲያመላልስ ብቻ እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። ሲወጡ አንደኛው ለሌላኛው ቁርጥ አባቷን ናት ሲሉ ሰማሁ። ምስጋና ይሁን ስድብ አላወቅሁም።

ተቀበለ። ምናልባት ሚስቱ አስገደደችው፤ ምናልባት አፍሮ ነው። ተራው ሲደርስ እማዬን ከነገሌ ያመጣና ደጄ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። እወጣለሁ፣ እቀበላታለሁ፣ እሱ መስኮቱን ሳያወርድ ይሄዳል። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ።

ሐኪሟ እማዬን ከሦስት ሳምንቱ በኋላ ስታያት ግፊቱ ከፍ ብሎ አገኘችው። ጠብታውን ቀየረችላት። በግራ ዓይኗ በስተዳር በኩል የምታየው ቀንሷል፤ የጠፋው እንደማይመለስም ነገረችን። በዚያች ባለፈችው ቀጠሮ ምክንያት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በሽታው ቀስ በቀስ የሚሄድ ስለሆነ በአንድ ነገር ማመካኘት እንደሚከብድ አስረዳችኝ። ነው አላለችኝም፣ አይደለምም አላለችኝም። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ሳምንት ማን እንደሚጠየቅ በልቤ አውቃለሁ፣ ራሴንም አልዘለልኩም። እየፈሰሰች እያየሁ የነዳኋት እኔ ነኝ።

ግራሯ ሥር ስለተናገርኳት ቃል እማዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከሐኪም ስንመለስ፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ እግሯን እየዳበስኩ ነው የጠየቅኋት። ነገሩን እንደረሳችው ነገረችኝ። አልረሳችውም። አሁን የሆነ ነገር ሲያስከፋት ትናገራለች፤ አንዳንዴ ትንሽም ነገር ሲሆን ትናገራለች፣ እኔም ዝም ብዬ እሰማታለሁ።

መኪናዋ አታፈስም። ስትነሣ ትንሽ ታመነታለች እንጂ ትሠራለች። ሰው መኪናዋን አይቶ ወንድምሽ ደግ ነው ሲለኝ አዎ ማለት ትቻለሁ።

ባለፈው ወር የወንድሜ ተራ ነበር። ጥሩምባው ሲሰማ ወጣሁ። ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እማዬ በግራዋ ያለው ደረጃ ስላልታያት ክንዷን ይዞ እያንዳንዱን እየቆጠረላት አወጣት፤ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ጠጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ ሸብቷልም። ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። የጠብታውን ካርቶን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና ትንሽ ቆመ፤ ሌላ የሚለው ነገር ያለ ይመስል ነበር። እኔም ጠበቅሁት። አላለም። እማዬን በሌላው ክንዷ ተቀብዬ አስገባኋት፤ እሱን ግን ግባ አላልኩትም።